«አክተር አይሞትም»፦ አንድ የስለላ ፊልም በድሬዳዋ እንዴት ተገመገመ

በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በአንድ ግቢ፣ የቀኑ ሙቀት ሲበርድ በነጭ ግድግዳ ላይ ፊልም እያየን የምንወያይ ሃያ የማንሞላ ሰዎች አለን። ደንባችን ቀላል ነው። ፊልሙ ከታየ በኋላ በሚመጣው ስብሰባ ከመካከላችን አንዱ ሁለት ገጽ ግምገማ ጽፎ ያነባል፤ የቀረው ደግሞ አንባቢውን በጥያቄ ያፋጥጠዋል። ጠያቂዎቹ ተማሪዎችና ነጋዴዎች፣ አንድ የባጃጅ ሾፌር፣ አንዲት የሁለተኛ ደረጃ መምህርት፣ ሁለት ሦስት እናቶች፣ እንዲሁም ጡረታ የወጡ አንድ የጤና ባለሙያ ናቸው። እዚህ የምተርከው እነዚህ ሰዎች አንድ የስለላ ፊልም እንዴት እንዳዩና እኔ የጻፍኩት ግምገማ በእነሱ ፊት እንዴት እንደተፈተነ ነው።

ፊልሙ «ሚሽን ኢምፖሲብል፦ ፎልአውት» ነው። የተመረጠው ያለ ክርክር አልነበረም። ወጣቶቹ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣውን ስምንተኛ ፊልም ካላየን አሉ። መምህርቷ ደግሞ ሰባቱን ያላየ ሰው ስምንተኛውን ቢያይ ምን ይጠቅመዋል ስትል ተቃወመች። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ስድስተኛው ተመረጠ፤ የቀደሙትን ላላየ ሰውም ራሱን ችሎ ይቆማል የሚል ወሬ ነበረው። ወሬው እውነት መሆን አለመሆኑን ማጣራት የግምገማው የመጀመሪያ ሥራ ሆነ።

ስለ ተከታታዩ ጥቂት ልበል። መነሻው ብሩስ ጌለር የፈጠረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1973 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየ ድራማ ነው። በ1996 ብራያን ደ ፓልማ ወደ ሲኒማ አመጣው፤ ከእሱ በኋላ ጆን ዉ፣ ጄ. ጄ. አብራምስ፣ ብራድ በርድና ክሪስቶፈር ማኳሪ እየተፈራረቁ መሩት። አምስት ፊልም፣ አምስት ዳይሬክተር። ስድስተኛውን ግን ያው ማኳሪ ደገመው። ቶም ክሩዝ የሚጫወተው ኢታን ሀንት ከመጀመሪያው ፊልም ጀምሮ አልተቀየረም። ጄምስ ቦንድ ሲያረጅ ሌላ ተዋናይ ይተካለታል፤ ሀንት ግን ከተዋናዩ ጋር አብሮ ያረጃል። ከዚህ በላይ የሚሻ ካለ ወጣቶቻችንን ይጠይቅ፤ ሌሊቱን ሙሉ ያወሩለታል።

የእኛን ሁኔታ ለየት ያደረገው የፊልሙ ቅጂ ነው። በቪዲዮ ቤት ያደግን ሰዎች የለመድነው፣ አንድ ተራኪ የሁሉንም ገጸ ባሕርያት ንግግር በራሱ ድምፅ የሚያቀርብበት የአማርኛ ትርጉም አልነበረውም። ከምስሉ ግርጌ የሚሄድ የአማርኛ ጽሑፍም የለውም። ከተመልካቹ ግማሽ ያህሉ እንግሊዝኛውን አይከታተልም። ብዙዎች ይህን እንደ ጉድለት ቆጠሩት፤ ለእኔ ግን ጥሩ አጋጣሚ ነበር። ቃሉ ሲነሳ ከፊልሙ ምን ይቀራል? 147 ደቂቃ በምስል ብቻ የሚከተል ሰው የት ላይ መንገዱ ይጠፋዋል? ስለዚህ ፊልሙ እንዳለቀ ታሪኩን እንዲነግሩኝ የጠየቅኩት ንግግሩን ያልተከታተሉትን ነው፤ ግምገማዬም በአብዛኛው የቆመው በእነሱ መልስ ላይ ነው።

የቪዲዮ ቤት ሕግ

አክተር አይሞትም። ይህችን ሕግ የማያውቅ የቪዲዮ ቤት ልጅ የለም። ጥይት ቢዘንብ፣ ፎቅ ቢደረመስ፣ መኪና ቢገለበጥ አክተሩ አቧራውን አራግፎ ይነሳል። ሀንት ከአውሮፕላን በሚዘልበት ትዕይንት ላይ ከአጠገቤ የተቀመጠው ተማሪ «ምን ያስፈራል? አክተር አይደለም እንዴ!» አለ። ልክ ነው። የረጅም ተከታታይ ፊልም ትልቁ ችግር ይኸው ነው። ስድስተኛ ፊልም ላይ የደረሰ ጀግና ለሰባተኛውም እንደሚተርፍ ተመልካቹ ቲኬት ሳይቆርጥ ያውቀዋል። አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር «ከበፊቶቹ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል፤ እኔ ግን ያንን ትቼ ሌላ ጠየቅሁ። ጀግናው እንደማይሞት ከታወቀ ፊልሙ አደጋ ላይ የሚጥለው ምንን ነው?

«ፎልአውት» ለዚህ መልስ አለው፤ መልሱንም የሚሰጠው ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። በርሊን፣ ሌሊት። ሀንትና ሁለት ባልደረቦቹ፣ ቤንጂና ሉተር፣ ሦስት የፕሉቶኒየም ኳሶች ሊገዙ መጥተዋል። ግብይቱ ይበላሻል፣ ሉተር ይታገታል፣ ሀንትም ከወዳጁና ከፕሉቶኒየሙ አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። ወዳጁን ያተርፋል። ዘወር ሲል ፕሉቶኒየሙ የለም። የቀረው ፊልም የዚህ ምርጫ ዕዳ ሲከፈል የሚያሳይ ነው። የባጃጅ ሾፌሩ ታሪኩን ሲነግረኝ «ጓደኛውን አልሰጥም ብሎ ዓለሙን ሰጠ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ላትርፍ ብሎ ሲሮጥ ነው የሚውለው» አለኝ። አንድ ቃል ሳይተረጎምለት የፊልሙን አከርካሪ ይዞታል። እዚህ ላይ ወሬው እውነት ሆነ፤ ፊልሙ ቢያንስ በዋናው ጉዳዩ ራሱን ችሎ ይቆማል።

ሦስት ስሞች

ቀጥሎ የሚመጣውን ትዕይንት በሌላ ከተማ ባየው ኖሮ ምናልባት እንደ ብልሃተኛ ቀልድ አልፈው ነበር። ቦምብ የሚሠራ አንድ ሳይንቲስት ተይዞ በሆስፒታል ክፍል ይገኛል። ቴሌቪዥኑ ዜና ያነባል፤ አንባቢው በሲኤንኤን የሚታወቀው ዎልፍ ብሊትዘር ነው። ሦስት የኑክሌር ቦምቦች ፈነዱ ይላል። ቫቲካን፣ ኢየሩሳሌም፣ መካ።

ሦስቱም ስሞች ትርጉም አያሻቸውም። አዛንና ቅዳሴ በአንድ ንጋት በሚሰሙባት ድሬዳዋ ደግሞ ስሞቹ የካርታ ላይ ነጥቦች አይደሉም። ከኋላ አንዲት እናት «ያ አላህ!» አሉ፤ አንዱ አማተበ፤ ቡና ታቀርብ የነበረችው ልጅ ረከቦቱን ትታ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሳይንቲስቱ የተመኘው ሁሉ የተፈጸመ ስለመሰለው መግለጫው በቴሌቪዥን ከተነበበለት በኋላ የስልኩን መክፈቻ ይሰጣል። ወዲያው የክፍሉ ግድግዳዎች ወደ ውጭ ይወድቃሉ። ሆስፒታል የለም፣ ፍንዳታ የለም፤ ሁሉም ለማታለያ የተሠራ ክፍል ነው። የዜና አንባቢው ፊትም ቤንጂ ያጠለቀው ጭምብል ኖሯል።

ግማሹ ሰው ሳቀ፣ ግማሹ ተቆጣ። እኒያ እናት በቀጥታ እኔን ነው የጠየቁት፤ ግምገማውን የምጽፈው እኔ እንደሆንኩ ያውቃሉ። «ልጄ፣ በመካ ይቀለዳል እንዴ?» አሉኝ። ጥያቄያቸውን እንዳለ በግምገማው ውስጥ አስገባሁት፤ መልሴንም ከሥሩ ጻፍኩ። ፊልሙ በመካ አልቀለደም፤ የቀለደው በእኛ ነው። ሳይንቲስቱ የታለለበትና እኛ የታለልንበት መንገድ አንድ ነው፤ ያው ቴሌቪዥን፣ ያው ድምፅ፣ ያው ግድግዳ። ከእሱ ቀድመን እንድናውቅ አላደረገንም። የጭምብል ማታለል በዚህ ተከታታይ ውስጥ የተለመደ ነው፤ ፊት ላይ የነበረውን ተንኮል ወደ ሙሉ ክፍል ማስፋቱ ግን እውነተኛ ፈጠራ ነው። እናቲቱ ይህን ሰምተው «እሺ፣ ግን ሌላ ስም ጠፍቶ ነው?» አሉ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ሌላ ስም ቢሆን ኖሮ ረከቦቱን የምታስተው ልጅ አትኖርም ነበር፤ ይህ ግን የዳይሬክተሩ መከራከሪያ እንጂ የእናት መልስ አይሆንም።

መጸዳጃ ቤቱና አደባባዩ

የድብድቡ ትዕይንቶች ያለ ትርጉም ፈተናውን በቀላሉ አለፉ። ከሁሉም የተወራለት በፓሪስ ግራን ፓሌ፣ በወንዶች መጸዳጃ ቤት የሚካሄደው ነው። ሀንትና ከአሜሪካ የስለላ ድርጅት የተላከበት ዎከር አንድን ሰው ይገጥማሉ፤ ሁለት ለአንድ ሆነው ይሸነፋሉ። ዎከርን የሚጫወተው ሄንሪ ካቪል ነው፤ ባላጋራቸው ሊያንግ ያንግ። ሙዚቃ የለም። የሚሰማው የሚሰበረው መስታወት፣ የሚፈርሰው በርና የሰው ትንፋሽ ብቻ ነው። ካሜራው ራቅ ብሎ ስለሚቆም ማን በየት እንዳለ አይጠፋንም። መሐል ላይ ዎከር ሁለት ክንዶቹን ጠመንጃ እንደሚያቀባብል ሰው ወደ ታች ነጠቅ አድርጎ ይመልሳል። በማግሥቱ የሰፈሩ ልጆች ይህችን እንቅስቃሴ እየደጋገሙ አየኋቸው፤ ከፊልሙ የወሰዱት እሷን ይመስለኛል።

ከዚያ የሞተር ብስክሌቱ ማሳደድ ይመጣል። ሀንት ያለ ሄልሜት በአርክ ደ ትሪዮምፍ አደባባይ ዙሪያ መኪናው ሁሉ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ይነዳል። ስለዚህ ክፍል መጻፍ ያለበት እኔ ሳልሆን የባጃጅ ሾፌሩ ነበር። «ይህ ሰው መንዳት ያውቃል፤ ሌሎቹ ፊልሞች ላይ ፊቱን ያሳዩህና ሞተሩ ሲታይ ሌላ ሰው ነው» አለ። ክሩዝ ሞተሩን ራሱ መንዳቱን ማንም አልነገረውም። ከወንበሩ አቀማመጥና ወደ ጎን ሲያጋድል ትከሻው ከሚሄድበት መንገድ ነው ያወቀው። የወደደው ደግሞ መውደቁን ነው። ሀንት በመጨረሻ ከመኪና ጋር ተጋጭቶ ይወረወራል፤ «በተቃራኒ የነዳ መውደቅ አለበት፤ ካልወደቀ ውሸት ነው» አለ።

የመጨረሻው የሄሊኮፕተር ፍልሚያም እንዲሁ ነው። በታሪኩ ካሽሚር ይባል እንጂ የተቀረጸው በኒውዚላንድ ተራሮች ሲሆን፣ የገደሉ ጫፍ ደግሞ በኖርዌይ የሚገኘው ፕሬይከስቶለን ነው። የፈንጂው መቆጣጠሪያ በሚሸሸው ሰው እጅ፣ ቆጠራው 15 ደቂቃ፣ አንዱ ሄሊኮፕተር ሌላውን ያሳድዳል። እዚህ ቋንቋ አያስፈልግም።

መንገዱ የጠፋው ለንደን ላይ ነው። ዎከር ማን እንደሆነ የሚገለጥበት የምድር ውስጥ ክፍል ከሞላ ጎደል በንግግር የተሠራ ነው፤ እንግሊዝኛውን ያልተከታተለ ሰው ሽጉጥ የያዙ ሰዎች ቆመው ሲነጋገሩ ብቻ ያያል። ከዚህ በኋላ ያለውን እንዲነግሩኝ የጠየቅኳቸው ሰዎች የተለያየ ታሪክ ነገሩኝ። አንደኛው ነጋዴ የሀንትን አለቃ የገደለው ዎከር መሆኑን ቢያይም ዎከር የሀንት ወንድም ነው ብሎ ደመደመ፤ በአባት ርስት የተጣሉ ወንድማማቾች። እውነቱን ለመናገር የእሱ ታሪክ ከፊልሙ የተሻለ ነበር። እንግሊዝኛ የሚችሉትም ቢሆኑ ማን ማንን እንዳታለለ በትክክል ለማስረዳት ተቸግረዋል። ስለዚህ ጥፋቱን በቋንቋ አላላከክሁም፤ ፊልሙ መካከሉ ላይ ከዓይን ይልቅ በአፍ ይታመናል፣ እዚያም ይንገዳገዳል ብዬ ጻፍኩ።

አንዲት ትራፊክ ፖሊስ

ስለ ፓሪስ የሚጽፉ ሰዎች ሞተሩንና አደባባዩን ያነሳሉ። እኔ ሁለቱን ገጾች ስጽፍ ሰፊ ቦታ የሰጠሁት ለአንዲት ስሟ ላልተጠራ ሴት ነው። ሀንትና ጓደኞቹ ያስመለጡትን አንድ እስረኛ ደብቀው ሊወጡ ሲሉ አንዲት ፖሊስ ትደርስባቸዋለች። በአጋጣሚ ነው የመጣችው፤ ስለ ፕሉቶኒየም የምታውቀው ነገር የለም። ከሀንት ጋር በጊዜው የሚሠሩት ወንበዴዎች ተኩሰው ያቆስሏታል፤ ሊጨርሷትም ይዘጋጃሉ። ሀንት ለአፍታ ይቆማል። ዝም ቢል ዕቅዱ ይሳካል። ከዚያ የራሱን ተባባሪዎች ይገድላቸዋል። ወደ እሷ ቀርቦ በፈረንሳይኛ ይቅርታ ይጠይቃታል።

እንግሊዝኛውንም ፈረንሳይኛውንም የማይሰማ ሰው ይህን ትዕይንት በሙሉ ተረድቶታል። የበርሊን ምርጫ ነው የተደገመው፤ ልዩነቱ ሉተር የቆየ ወዳጁ ሲሆን ይህች ሴት ደግሞ ለእሱ ማንም አለመሆኗ ነው። አክተሩ እንደማይሞት እናውቃለን፤ እሷ ግን ልትሞት ትችላለች፣ በሌላ ፊልም ብትሆን ደግሞ ያለ ጥርጥር ሞታ ነበር። «ምንን ነው አደጋ ላይ የሚጥለው?» ላልኩት ጥያቄ ፊልሙ ከዚህ የተሻለ መልስ የለውም።

መምህርቷ በዚህ አልተስማማችም። «አንዲት ሴት አትርፎ ሌሎቹን ሥራ ፈት አደረጋቸው» አለች። የቀድሞ ሚስቱ ጁሊያ መጨረሻ ላይ ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ ትከሰታለች፤ የቀደመውን ፊልም ላላየ ሰው ማንነቷም አይገባም። ክርክሯ ጠንካራ ነበር። እኔ የመለስኩት የእንግሊዟ ሰላይ ኢልዛ የራሷ ዓላማና የራሷ ጥይት እንዳላት ነው፤ በመጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ሰውየውን ፊቱ ላይ ተኩሳ የሀንትን የጭምብል ዕቅድ ከንቱ ያደረገችው እሷ ናት። ስለ ጁሊያ ግን መምህርቷ የተናገረችውን በስሟ ሳይሆን በሐሳቧ በግምገማው ላይ ጨመርኩት።

የጋሼ ጥያቄ

ጡረታ የወጡት የጤና ባለሙያ ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ ምንም አልተናገሩም። ግምገማው ተነብቦ ካለቀ በኋላ ነው እጃቸውን ያነሱት። «ልጄ፣ ፈንጣጣውን ረሳኸው» አሉኝ።

በፊልሙ መጀመሪያ ላይ በካሽሚር የፈንጣጣ ወረርሽኝ እንደተቀሰቀሰና በቁጥጥር ሥር እንደዋለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል። መጨረሻ ላይ ቦምቦቹ የሚጠመዱበት የሕክምና ካምፕ እዚያ የተተከለው በዚሁ ምክንያት ነው። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ጋሼ ፈንጣጣን የማጥፋቱን ዘመቻ ነገር ከቅርብ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ባለ ሁለት ጥርሷ መርፌ እንዴት በክንድ ላይ እንደምትወጋ በጣታቸው አሳዩን። በኢትዮጵያ ዘመቻው ሲጀመር በ1971 እ.ኤ.አ. ከ26 ሺህ በላይ ሰው መታመሙ ተመዝግቧል። ክትባቱ በእግር፣ በበቅሎና በሄሊኮፕተር ነበር የሚጓዘው፤ ቡድኖች የታገቱበት ጊዜም ነበር። በአገራችን የመጨረሻዋ ታማሚ በኦጋዴን በረሃ ዲሞ በምትባል መንደር በነሐሴ 1968 ዓ.ም. የተገኘች ሕፃን ናት። በተፈጥሮ መንገድ የያዘው የዓለም የመጨረሻ ሰው ደግሞ በሶማሊያ መርካ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ታመመ። የዓለም ጤና ጉባኤ በሽታው ጠፍቷል ብሎ ያወጀው በ1972 ዓ.ም. ነው። የዚህ ታሪክ መዝጊያ የተጻፈው ከእኛ ብዙም በማይርቅ ምድር ነው።

የጋሼ ነጥብ ግን ትዝታ ብቻ አልነበረም። ቫይረሱ ዛሬ በይፋ የሚቀመጠው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ አንዱ አሜሪካ፣ አንዱ ሩሲያ። «እንግዲህ ካሽሚር ላይ የለቀቀው ሰው ከእነዚህ ከአንዱ ሰርቆታል ማለት ነው። ይህን የሰረቀ ሰው ፕሉቶኒየም ፍለጋ ምን ያንከራትተዋል?» አሉ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ፊልሙ ሳያውቀው ከእጁ የጣለው ትልቅ ሴራ ይኸው ነበር። የሳያቸን የበረዶ ግግር በጨረር ተበክሎ የሦስት አገር ውኃ ይመረዛል የሚለው ዕቅድ ለሰዎቹ ሲገለጥላቸው «ኧረ?» አሉ እንጂ አልደነገጡም፤ ፈንጣጣ ሲባል ግን ክንዱን የዳሰሰ አዛውንት አይቻለሁ። በዚያው ማታ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ፦ «ፊልሙ ከፈንጣጣ ወረርሽኝ የፈለገው ድንኳን ብቻ ነው። በአጠገቡ ያለፈው ታሪክ ከሚያሳድደው ይበልጥ ነበር።»

አጥንት መስበር ነጥብ ያስገኛል?

የመጨረሻው ጠብ ስለ ቶም ክሩዝ አካል ነበር። በነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ሲዘል ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ቀረጻው ለሳምንታት ቆሟል። የተሰበረበት ዝላይ ራሱ በፊልሙ ውስጥ አለ፤ ተነስቶ እያነከሰ ሲሄድ ይታያል። ከአውሮፕላን የሚዘልበትን ትዕይንት ለመቅረጽም ከመቶ ጊዜ በላይ ዘሏል፤ የሚፈልጉት የምሽት ብርሃን በቀን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር የሚቆየው። ወጣቶቹ ይህን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል፤ «ሰውየው ሕይወቱን ሲሰጥ አንተ ስለ ለንደን ወሬ ትነግረናለህ?» አሉኝ።

አልተስማማሁም፤ አሁንም አልስማማም። ተዋናዩ መጎዳቱ ስለ ተዋናዩ ይነግረናል እንጂ ስለ ፊልሙ አይነግረንም። ደካማ ፊልም ላይም አጥንት ይሰበራል። የሚቆጠረው እውነተኛው ዝላይ በምስሉ ላይ ያስገኘው ነገር ነው። ዳይሬክተሩ የምትክ ሰው ፊት መደበቅ ስላላስፈለገው ካሜራውን ረጅም ጊዜ ሳይቆርጥ አቆየው፤ የባጃጅ ሾፌሩ ማንም ሳይነግረው ያወቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህ ሙሉ ምስጋና ሰጥቻለሁ። ለቁርጭምጭሚቱ ግን እግዜር ይማርህ ከማለት ያለፈ ነጥብ የለኝም።

አንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን የቦንድ ፊልም አነሳ፤ በዚያ ፊልም ቦንድ ይሞታል። «ያኛው ሕጉን ሰብሯል፤ ያ አይበልጥም?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አክተር አይሞትም የሚለውን ሕግ ለማስተናገድ ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ አክተሩን መግደል ነው፣ ያም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ነው። ሌላው ሕጉን ተቀብሎ በዙሪያው ያሉትን ሰዎች ሟች ማድረግ ነው። «ፎልአውት» ሁለተኛውን መርጧል፤ ፖሊሷን በሕይወት በማቆየቱ ከቦንድ ሞት የበለጠ አስጨንቆኛል ብዬ መለስኩለት። ተማሪው አልረካም።

ግምገማው በደንባችን መሠረት ከነማሻሻያው በመዝገብ ተያዘ፤ የወጣቶቹ ተቃውሞ ከሥሩ በሦስት መስመር ተጽፏል፣ የጋሼ የፈንጣጣ አንቀጽም በዋናው ጽሑፍ ውስጥ ገብቷል። ስምንተኛውን ፊልም የማየቱ ሐሳብ በድምፅ ብልጫ ጸደቀ፤ ግምገማውን የምትጽፈው መምህርቷ ናት።